ዘግይታ የወጣች ኮከብ
የአርሌቲ የሕይወት ታሪክ

ዝና የሚገኘው በልጅነት ብቻ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶት ስሙ ያልተጠራ ሰው ከእንግዲህ ወዲያ የትም አይደርስም እያሉ የሚጨነቁ ብዙ ተማሪዎች አሉ። እኔ በዚህ አሳብ አልስማማም። ለዚህም ምስክር አድርጌ የማቀርበው የፈረንሳይዋን ተዋናይት የአርሌቲን ሕይወት ነው። ይህች ሴት ወደ ሲኒማ የገባችው በ32 ዓመቷ፥ ስሟ የገነነው በ40 ዓመቷ፥ ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራዋን የሠራችው በ45 ዓመቷ ነው። ታሪኳ ግን የሚያስመሰግን ብቻ ሳይሆን የሚያከራክርም ስለ ሆነ ሁለቱንም ወገን ሳልደብቅ እጽፋለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አርሌቲ የመድረክ ስሟ ሲሆን፥ የቤት ስሟ ሌዮኒ ባትያ ነው። የተወለደችው በሜይ 15 ቀን 1898 ከፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በኩርብቯ ከተማ ነው። ወላጆቿ ኦቬርኝ ከሚባለው ተራራማ አገር የመጡ ሠርተው አደሮች ነበሩ፤ አባቷ የትራም ባቡር ሠራተኛ፥ እናቷ ልብስ አጣቢ ነበረች። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ዕድሜዋ 16 ዓመት ነበረ። የምትወደው ወጣት ዘምቶ ብዙም ሳይቈይ በጦር ሜዳ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ የወታደር መበለት ወይም የወታደር እናት ላለመሆን ስትል ባል ላታገባና ልጅ ላትወልድ ቈረጠች፤ ይህንንም ቃሏን እስከ ዕለተ ሞቷ ጠበቀች። በ1916 ደግሞ አባቷ በትራም አደጋ ሞተ። እርሷም እንደ ዘመኑ ብዙ ሴቶች በጥይት ፋብሪካ ገብታ ሠራች፤ ኋላም የቢሮ ጸሓፊ ሆነች።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ አዳዲስ ልብስ እየለበሰች ለገዢዎች የምታሳይ ሞዴል ሆነች። እንደ ኬስ ቫን ዶንገንና እንደ ማሪ ሎራንሳን ያሉ ስመ ጥር ሠዓሊዎች መልኳን ሣሉ። ፖል ጊዮም የሚባል የሥዕል ነጋዴ ቴአትር ብትሞክር እንደሚሻላት መክሮ ወደ ቴአትር ቤት ላካት። ስለዚህ የቴአትር ትምህርት ሳትማር፥ ዘፈንና ቀልድ በተቀላቀለበት ትርኢት ላይ በትንሽ ክፍል ጀመረች፤ ዐሥር ዓመት ያህልም በዚሁ ሥራ ቈየች።

እነዚህ ዐሥር ዓመታት ለእኔ የባከኑ አይመስሉኝም። በዚያን ጊዜ ሲኒማ ድምፅ አልነበረውም፤ የአርሌቲ ሀብት ግን ከመልኳ ይልቅ ድምፅዋ ነበረ። የተወለደችበትን የሠራተኛ ሰፈር አነጋገር ሳታፍርበትና ሳትለውጠው፥ ስል በሆነ ቀልድ አጅባ ትናገረው ነበር። ፊልም መናገር በጀመረ ጊዜ እርሷ ከተመልካች ፊት መናገርን ጠንቅቃ ዐውቃ ነበር። እንዲህም ሆኖ በ1930 ወደ ሲኒማ ገባች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ለስምንት ዓመት ከትንሽ ክፍል ወደ ትንሽ ክፍል እየተሸጋገረች ሠራች።

በ1938 ማርሴል ካርኔ የሚባለው ወጣት የፊልም አዘጋጅ ኦቴል ዱ ኖር በተባለው ፊልም ውስጥ የሬይሞንድን ክፍል ሰጣት። ታሪኩ በፓሪስ ቦይ ዳር በሚገኝ ተራ ሆቴል የሚኖሩ ሰዎች ታሪክ ነው። ቦዩንና ሆቴሉን አሌክሳንድር ትሮኔር በስቱዲዮ ግቢ እንደ ገና አስመስሎ ሠራቸው። ሬይሞንድ ሴተኛ አዳሪ ናት፤ የፊልሙም ዋና ሰው አይደለችም። ነገር ግን በቦዩ ላይ ቆማ ከሉዊ ዡቬ ጋር የምትጣላበት ጥቂት ደቂቃ የፊልሙን ዋና ታሪክ አስረሳ። በ1939 ደግሞ ከዣን ጋቤን ጋር ለ ዡር ስ ሌቭ በተባለው ፊልም ተጫወተች።

በ1940 የጀርመን ጦር ፈረንሳይን ያዘ። በዚህ ጭንቅ ዘመን ካርኔና ባለ ቅኔው ዣክ ፕሬቬር ሌዛንፋን ዱ ፓራዲ የተባለውን ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ፊልም አሰናዱ። ሥራው በ1943 በኒስ ከተማ ተጀመረ። አርሌቲ አራት ሰዎች የሚወዷትንና ለማንም ሙሉ በሙሉ የማትገዛውን ጋራንስን ሆነች። ፊልሙ ዛሬም ከፈረንሳይ ታላላቅ ፊልሞች ተርታ ይቈጠራል።

እንግዲህ ወደ ሚያከራክረው ነገር ደረስሁ። ለዚህ ፊልም ቤቱንና መንገዱን የነደፈው ትሮኔርና ዜማ ከደረሱት አንዱ የሆነው ዮሴፍ ኮስማ አይሁዳውያን ስለ ነበሩ ተደብቀው ነበር የሚሠሩት። የፊልሙ ዋና ተዋናይት ግን ከ1941 ጀምሮ ሃንስ ዩርገን ዘሪንግ የሚባል የጀርመን አየር ኀይል መኰንን ወዳጅ ነበረች። አንዱን ሥራ በጋራ ሲሠሩ፥ እነርሱ የሚሸሹት ጦር የእርሷ ወዳጅ ያገለግለው የነበረው ጦር ነው። ፓሪስ ነጻ በወጣች ጊዜ በ1944 ተያዘች፤ ታሰረችም፤ ኋላ ከፓሪስ ውጭ በቁም እስር እንድትኖር ተደረገ። ፊልሙ በማርች 9 ቀን 1945 በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ጋራንስ በሸራው ላይ ነበረች፤ አርሌቲ ግን በአዳራሹ አልተገኘችም። ለጥቂት ዓመታትም ከሥራ ታገደች።

አንዳንዶች ፍቅር ብቻ ስለ ሆነ አይፈረድባትም ይላሉ፤ ሌሎች አገሬው ሲራብና ሲታፈስ ከጠላት መኰንን ጋር መኖር ክሕደት ነው ይላሉ። በእኔ አስተያየት ችሎታ ሰውን ከኀላፊነት አያድነውም፤ በዚያን ጊዜ ቤታቸው በሌሊት የሚንኳኳባቸውን ሰዎች ማሰብ ይገባት ነበር። እንዲሁም ጥፋቷ ሥራዋን አይደመስሰውም። ሰውን ሁሉ ቅዱስ ወይም ርኩስ ብቻ አድርጎ መጻፍ ታሪክን ማጉደል ነው።

የእገዳው ጊዜ ካለፈ በኋላ በ51 ዓመቷ እንደ ገና ከታች ጀመረች። በ1949 ዣን ኮክቶ ወደ ፈረንሳይኛ ባዛመደው በቴነሲ ዊልያምስ ቴአትር ዲዛየር በተባለው የትራም ታሪክ ውስጥ ብላንሽን ሆና በፓሪስ መድረክ ላይ ቆመች። የትራም ሠራተኛ ልጅ በትራም ስም በተሰየመ ቴአትር ወደ ሥራዋ መመለሷ ይገርመኛል። በ1962 ደግሞ ስለ ኖርማንዲ ዘመቻ የሚናገረው ረጅሙ ቀን በሚባለው ፊልም ውስጥ ትንሽ ክፍል ተጫወተች።

ከዚያ ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ያዛት። ብርሃኗም እየደከመ ሄዶ በ1966 መድረክን ለቀቀች። በ1971 የሕይወት ታሪኳን የያዘ መጽሐፍ አሳተመች። ዓይኗ ማየት ቢሳነውም ለሚጠይቋት ሰዎች ስለ ሥራዋ መናገርን አልተወችም፤ መጨረሻ የቀራት ሀብት መጀመሪያ ያወጣት ያው ድምፅዋ ነበረ። በጁላይ 23 ቀን 1992 በፓሪስ በ94 ዓመቷ ዐረፈች፤ መቃብሯም በተወለደችበት በኩርብቯ ነው።

ውድ አንባቢዎች፥ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንድትወስዱ እመኛለሁ። አንደኛው፥ ዕድል ሳይመጣ የሚያልፈው ጊዜ ለሚሠራበት ሰው የመዘጋጃ ጊዜ ነው። ሁለተኛው፥ ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና፥ ከእኛ በኋላ የሚነገረው የሠራነው ብቻ ሳይሆን በክፉ ቀን ከማን ጋር እንደ ቆምን ጭምር ነው።