አበበ ቢቂላ

ሻምበል አበበ ቢቂላ (ነሐሴ 1 ቀን 1924 – ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የማራቶን ሯጭና የክቡር ዘበኛ መኮንን ነበር። በ1952 ዓ.ም. በሮም፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶንን አሸንፎ በዚህ ርቀት ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የሮሙ ሜዳልያ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ የማራቶን ቡድኑ መሪነትም በጓደኛው በማሞ ወልዴ ላይ ወደቀ።

የመጀመሪያ ሕይወት

አበበ የተወለደው በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በተባለች መንደር ነው። አባቱ ቢቂላ ደምሴ፣ እናቱ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ እግረኛ ጦር ተቀጠረ። በዚያ ዘመን ከሱሉልታ ኮረብታዎች ወደ አዲስ አበባ ይሮጥና ይመለስ ነበር። በሱሉልታና በከተማው መካከል ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የእንጦጦ ተራራ ነው። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን የአበበን ችሎታ አይቶ በክቡር ዘበኛ ሯጮች መካከል ያሠለጥነው ጀመር። አበበ በመጋቢት 1952 ዓ.ም. የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን አገባ፤ አራት ልጆችም ወለዱ።

ሮምና ቶኪዮ

በሮም ማራቶን ኢትዮጵያን የወከሉት አበበ ቢቂላና አበበ ዋቅጅራ ነበሩ። በጊዜው በአገር ውስጥ ታዋቂ የነበረው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ በውድድሩ አልተሰለፈም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ተለይቶ የወጣው በፋሺስት ወረራ ጊዜ ተወስዶ ሮም በቆመው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ነበር። አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ሆነ።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲያደርጉ አበበ ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ነበር፤ በነገሩ እጁ እንደሌለበት ታውቆ ተለቀቀ።

ከቶኪዮ ውድድር አምስት ሳምንት በፊት በትርፍ አንጀት ሕመም ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። መሳተፉ ቢያጠራጥርም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ተሰልፎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ሰዓቱ በዘመኑ በዓለም ፈጣኑ ሲሆን፣ ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ባሲል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገባ። በዚሁ ውድድር ደምሴ ወልዴ አሥረኛ ሲወጣ ማሞ ወልዴ አቋርጧል።

ሜክሲኮ 1961 ዓ.ም.

አበበ ወደ ሜክሲኮ የተጓዘው በጉዳት ላይ እያለ ነው። ከውድድሩ ቀደም ብሎ ግራ እግሩን አሞት ሐኪሞች የአጥንት ስንጥቅ አገኙበት፤ ሆኖም ጥቅምት 10 ቀን ከማሞ ወልዴና ከመርዓዊ ገብሩ ጋር ተሰለፈ። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ሕመሙ ጸንቶበት ወጣ። ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ወርቁን አገኘ፤ መርዓዊ ስድስተኛ ሆነ። ማሞ ከአበበ ጋር የዕድሜ እኩያ ቢሆንም በኦሎምፒክ ቀድሞታል፤ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በ800 እና በ1,500 ሜትር ተወዳድሯል። አበበ ከሜክሲኮ ሲመለስ የሻምበልነት ማዕረግ ተሰጠው።

አደጋው

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ አበበ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሸኖ አቅራቢያ ቮልስዋገን መኪናውን ሲነዳ ተገለበጠ። መንገዱ ከመገናኛ ተነሥቶ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው ክልል በኮተቤ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣው ነው። አበበ በመኪናው ውስጥ ተጣብቆ አደረ፤ የወጣው በማግስቱ ጠዋት ነበር። በክቡር ዘበኛ ሆስፒታል ከታየ በኋላ መጋቢት 20 ቀን ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ። በመጀመሪያ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አይችልም ነበር። በስምንት ወር ሕክምና እጆቹ ቢመለሱለትም ዳግመኛ በእግሩ አልቆመም።

ከአደጋው በኋላ

አደጋው የደረሰው ከሜክሲኮ ውድድር አምስት ወር በኋላ ስለሆነ፣ ለ1964 ዓ.ም. የሙኒክ ኦሎምፒክ ቡድኑ ያለ አበበ መዘጋጀት ነበረበት። ሸክሙ ያረፈው አብረውት ባደጉት ነባር ሯጮች ላይ ነው። አርባ ዓመት የሞላው ማሞ ወልዴ እንደገና ተሰለፈ፤ በቶኪዮ ከአበበ ጋር የሮጠው ደምሴ ወልዴም አብሮት ነበር። ኒስካነን የጀመረው ሥልጠና በአንድ ሰው ላይ ብቻ ያልተመሠረተ መሆኑ በዚህ ታየ።

አበበ ራሱ ከስፖርት አልራቀም። በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል የተሽከርካሪ ወንበር ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ውሾች በሚስቡት የበረዶ ላይ ጋሪ ተሽቀዳድሞ አሸነፈ።

በሙኒክ በክብር እንግድነት ተጋብዞ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገባ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። የማራቶኑ ቀን ጳጉሜን 5 ሲሆን፣ በሮም ካሸነፈ ልክ 12 ዓመት ሞላው። ማሞ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሦስተኛ ወጣ፤ ይህ ሰዓት አበበ በሮም ከሮጠበት በ8 ሰከንድ ያነሰ ነው። ደምሴ ወልዴ 18ኛ ሆነ። ያሸነፈው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር ሜዳልያውን እንደተቀበለ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠው።

ሞትና መታሰቢያ

አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአንጎል ውስጥ ደም በመፍሰሱ ምክንያት አረፈ። በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በወታደራዊ ክብር ሲቀበር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኝተዋል። በአዲስ አበባ ስታዲየም በስሙ ተሰይሟል፤ ልጁ ጽጌ አበበም ስለ ሕይወቱ መጽሐፍ ጽፋለች። እርሱ በልምምድ ያቋርጣቸው የነበሩት የእንጦጦ ኮረብታዎች ዛሬም የረጅም ርቀት ሯጮች መለማመጃ ናቸው።