ሩፔልና ባለ ነጭ ማጅራቷ ርግብ

ባለፈው ሴሚስተር ለፎቶ ጋዜጠኝነት ኮርስ መቀሌ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ የሰፈሩ ርግቦችን አንስቼ፣ ከሥሩ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስተቀር የትም የማትገኝ ወፍ እንደሆነች ጻፍኩ። ተሳስቼ ነበር። የፎቶዬ ርግብ በዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቆዳ፣ በዳማ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት፣ ከሴኔጋል ጀምሮ በብዙ የአፍሪካ አገር ያለችው ነች። የኛዋ ሌላ ነች። እንዴት እንደምትለይ ሳጣራ ነው ከኤድዋርድ ሩፔል ጋር የተዋወቅነው። (ዘመኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሩፔል በ1794 ፍራንክፈርት ውስጥ ከሀብታም ባንከኛ ቤት ተወለደ። የታሰበለት ንግድ ነበር። በ1817 ግብፅና ሲና ደርሶ ሲመለስ ግን ልቡ ወደ አራዊትና አእዋፍ አዘነበለ፤ ጣሊያን ገብቶ ተማረ፤ በ1820ዎቹም ኑቢያንና ኮርዶፋንን ዞረ።

ወደ እኛ የመጣው በክፉ ጊዜ ነው። የትግራዩ ገዥ ደጃች ሰባጋድስ በ1831 ተገድለው አገሩ ታውኮ ነበር። ሩፔል በዚያው ዓመት ምጽዋ ደረሰ፤ በ1832 ከረዳቱ ከቴዎዶር ኤርከል ጋር ትግራይን አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ሰሜን ተራሮች ላይ ወጣ፤ ከዚያ ጎንደር ገባ። ሲመለስ ደግሞ አክሱም ላይ በድንጋይ የተቀረጹ የግእዝ ጽሑፎችን ገለበጠ። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው፤ ሰውዬው ድንጋዩንም ወፉንም በአንድ ዓይን ነበር የሚያየው።

ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ በጽሑፍ ያስተዋወቀው እሱ ነው። እነዚህማ ማንንም ያስደንቃሉ። በ1837 ግን በየጣራውና በየገደሉ የምትሰፍረውን፣ ማንም ልብ የማይላትን ርግብ መዘገበ፤ ስሟንም ኮሉምባ አልቢቶርከስ አላት። በላቲን ነጭ የአንገት ጌጥ እንደማለት ነው፤ መለያዋ ስሟ ውስጥ አለ። ሰውነቷ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ጥምጥም የመሰለ ምልክት አላት። ቀይ የዓይን ቆዳም፣ የክንፍ ነጠብጣብም የላትም። ስትበር ደግሞ ክንፏ ላይ ነጭ ነገር ቦግ ይላል፤ ማጅራቷ ባይታይ እንኳ እሱ ይበቃል። ሌላዋን ሊኒየስ በ1758፣ ኮሉምባ ጊኒያ ብሎ፣ በጊኒ ስም ጠርቷት ነበር። ሁለቱም ደጋ ላይ ጎን ለጎን ስለሚውሉ ነው እንደኔ ያለው የሚሳሳተው።

በ1839 የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው፤ ከውጭ ዜጋ የመጀመሪያው ነበር። ከጎንደር ያመጣቸውን የብራና መጻሕፍት ለፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ኋላ ግን አብረውት ከሚሠሩት ሙዚየሙ ሰዎች ጋር ተጣላና ፊቱን ወደ ጥንታዊ ሳንቲሞች አዞረ። በ1884፣ በ90 ዓመቱ፣ እዚያው ፍራንክፈርት አረፈ።

እኔም ፎቶውን ሳልቀይር ጽሑፉን ብቻ አርሜ መለስኩ። ከዚያ ወዲህ ጣራ ላይ ርግብ ሳይ መጀመሪያ የማየው ማጅራቷን ነው።