የትሎቹ ወዳጅ ቻርለስ ዳርዊን

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤታችንን የጎመን መደብ ስንቆፍር አንድ የመሬት ትል ወጣና በዶማ ለሁለት ቆረጥኩት። የጎመናችንን ሥር የሚበላ መስሎኝ ነበር። አንዳንድ ልጆች ሁለት ትል ይሆናል አሉኝ፤ ውሸት ነው፣ ሞተ። የሳይንስ መምህራችን አዩኝና ሳይቆጡ የቻርለስ ዳርዊንን ታሪክ እንዳነብ አዘዙኝ። አንብቤ ይኸው ልነግራችሁ መጣሁ።

ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1809 በእንግሊዝ አገር፣ ሽሩስበሪ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበሩ። እሱም ሐኪም እንዲሆን ኤድንብራ ላኩት። ያኔ ማደንዘዣ የለም፤ ሰው እያየ እየሰማ ሲቀደድ ማየት አቃተውና ሕክምናውን ተወው። በ22 ዓመቱ ቢግል በምትባል መርከብ ዓለምን ሊዞር ሄደ፤ አምስት ዓመት ገደማ ቆየ። ሰው ሁሉ የሚያወራለት ስለዚህ ጉዞ ነው። እኔ ግን የወደድኩለት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ከጉዞው ሲመለስ አጎቱ አንድ መስክ አሳዩት። ከዓመታት በፊት ኖራና የከሰል ቅሪት የተበተነበት መስክ ነው። አሁን ግን ላዩ ላይ ምንም የለም፤ ሲቆፈር ከሥር ተገኘ። ማን ቀበረው? አጎቱ የጠረጠሩት ትሎችን ነበር! ዳርዊንም በ1837 ይህንኑ ለለንደን ምሁራን አቀረበ።

ነገሩ ግን ከልቡ አልወጣም። በ1842 ዳውን ወደሚባል መንደር ገባና እዚያው አጠገብ አንድ መስክ ላይ የጠመኔ ድንጋይ በተነ። ከዚያ ስንት ዓመት ጠበቀ መሰላችሁ? 29 ዓመት! በ1871 ሲያስቆፍር ነጩ ጠመኔ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ እንደ መስመር ተዘርግቶ ተገኘ። ለካ ትሎቹ ከሥር አፈር እየዋጡ ላይ ይጥሉታል፤ ላይ ያለው ነገር ደግሞ ቀስ እያለ ይሰምጣል።

ቤቱ ውስጥም በማሰሮ አፈር ሞልቶ ትል ያረባ ነበር። ልጁ ባሱን የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ ነፋላቸው፣ ሚስቱ ኤማ ፒያኖ መታችላቸው። ምንም! ማሰሮው ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ሲመታ ግን ንዝረቱ ተሰማቸውና ጉድጓዳቸው ገቡ። ጎረቤት ቢያይ ምን ይል ነበር?

በብዙ የእንግሊዝ ቦታዎች በአንድ ሄክታር መሬት በየዓመቱ 250 ኩንታል ያህል አፈር በትሎች ሆድ አልፎ እንደሚወጣ አሰላ። አስቡት እንግዲህ! ትሎቹ በሚሠሩት ቀዳዳ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ከመሄድ ይልቅ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ አየር ይገባል፤ የእህል ሥርም መንገድ ያገኛል። የሚጥሉት አፈር ደግሞ ፍርፍር ያለ ስለሆነ መሬቱ እንደ ሲሚንቶ አይደርቅም። እኔ የገደልኩት እንግዲህ ይህን ሠራተኛ ነው።

ስለ ትሎች የጻፈው መጽሐፍ በ1881 ታተመ፤ የመጨረሻ መጽሐፉ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ በ73 ዓመቱ ሞተና ለንደን በሚገኘው ዌስትሚኒስተር አቢይ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

አንድ ልመና አለኝ። ከጎመን መደቡ ጀርባ፣ በአጥሩ ጥግ ቀይ የጡብ ስባሪ በትኛለሁ። 29 ዓመት አልጠብቅም፤ 8ኛ ክፍል ስንደርስ ቆፍረን እናየዋለን። እስከዚያ እባካችሁ ያቺን ቦታ ማንም እንዳይቆፍራት!