ታምራት አማኑኤል፦ ከዳን ነገድ እስከ ኢትዮጵያ ደራሲያን

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የተማረ ሰው የታምራት አማኑኤልን ስም ሳይሰማ አይቀርም። በ1936 ዓ.ም. የጻፏት ስለ ኢትዮጵያ ደራሲያን የተባለችው አጭር ሥራ በትምህርት ክፍላችን ደጋግማ ትነሳለች። ሰውየው ማን ናቸው? ከየትስ መጡ? ሲባል ግን አብዛኞቻችን ዝም ነው። ይህች አነስተኛ ጽሑፍ ስለ ሕይወታቸው ጥቂት ለማለት የተዘጋጀች ናት።

ታምራት የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1888 ገደማ በጎንደር አካባቢ ከቤተ እስራኤል ወገን ነው። ቤተ እስራኤሎች በጊዜው ፈላሻ ይባሉ ነበር። ርስት ስላልነበራቸው በሰው መሬት እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩና እየሸመኑ ይኖሩ ነበር። ይህ ነገር ለእኛ ለራያ ልጆች እንግዳ አይደለም። በቆቦ ቆላም ማሽላ የሚታጨድበትን ማጭድ፣ መሬት የሚገለበጥበትን ማረሻ የሚሠራው ቀጥቃጭ ለእጁ ሥራ ሲፈለግ፣ በዘሩ ግን ቡዳ እየተባለ ሲታማ ኖሯል። ማረሻውን ይወስዱለታል፣ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም። የጎንደሩም እንደዚያው ነበር።

እነዚህ ሰዎች ከየትኛው የእስራኤል ነገድ ናቸው የሚለው ጥያቄ ረጅም ታሪክ አለው። የራሳቸው ትውፊት ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከመጡት እስራኤላውያን ይመዝዛቸዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ የነበሩት ረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ ደግሞ ከዳን ነገድ ናቸው ብለው በየኑ። በአንጻሩ ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ማኅበረሰቡ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከአገሬው ሕዝብ የተገኘ ነው ይላሉ።

ዳን ራሱ ብዙ የማይወራለት ነገድ ነው። አባቱ ያዕቆብ፣ እናቱ የራሔል አገልጋይ ባላ ናት። በኦሪት ዘኍልቍ ቆጠራ 64,400 ሰው እያለው የተመዘገበለት ወገን አንድ ብቻ ነው። በድርሻው መሬት አሞራውያን ስለገፉት ከፊሉ ወደ ሰሜን ተሰዶ ሌላ አገር ያዘ። ሶምሶን የወጣው ከዚህ ነገድ ነው። ሆኖም በዮሐንስ ራእይ የነገዶች ዝርዝር ውስጥ ስሙ የለም። ርስቱን ያጣ፣ ከዝርዝር የጎደለ ነገድ ማለት ነው። ስለ ቤተ እስራኤል ሲነገር ስሙ ደጋግሞ መነሳቱ የሚያስገርም ነው።

ወደ ታምራት እንመለስ። ልጅ ሳሉ አሥመራ በስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ አገራችን የመጣው ፖላንድ የተወለደው አይሁዳዊ ምሁር ዣክ ፋይትሎቪች እሳቸውንና ጌቴ ኤርምያስ የተባለ ሌላ ልጅ ይዞ ወደ አውሮፓ ሄደ። ታምራት መጀመሪያ ፓሪስ፣ ቀጥሎ ፍሎረንስ በረቢዎች ኮሌጅ ተማሩ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፈት ኃላፊው እሳቸው ሆኑ። ገንዘቡ አይበቃም፣ ተማሪው የሚመጣው ከሩቅ መንደር ነው፣ ወደ ውጭ ከተላኩት ልጆችም በሰው አገር ታመው የቀሩ ነበሩ።

ከፋይትሎቪች ጋር ግን ሐሳባቸው ሁልጊዜ አልገጠመም። ፋይትሎቪች የቤተ እስራኤል እምነት ከአውሮፓ አይሁድ ሥርዓት ጋር እንዲስተካከል ይሻ ነበር። ታምራት ደግሞ ለወገናቸው የቆየ ልማድ ይቆረቆሩ ነበር። ለአይሁድነት እውቅና ሲባል ኢትዮጵያዊነት ይጣል? ነገሩ ቀላል አልነበረም። በአንድ በኩል በአገራቸው ባዕድ የሚባል ወገን፣ በሌላ በኩል እንደኛ ካልሆናችሁ የሚል ዘመድ፤ እሳቸው ደግሞ መሐል ላይ።

ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር የተማረ ሰው ይታደን ስለነበር ታምራት ተሰደዱ። ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በትምህርት ሚኒስቴር አገለገሉ። ያቺን ሥራቸውን የጻፉት በዚህ ወቅት ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ወገናቸው ርስት የተነፈገ ሰው ናቸው። ቁጭ ብለው የመዘገቡት ግን የራሳቸውን ወገን የዘር ሐረግ ሳይሆን የኢትዮጵያን ደራሲያን ነው። እንደ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ያሉትን ጸሐፍት ሥራ ለሚቀጥለው ትውልድ አቆዩ። ዛሬ እኛ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ብለን የምንማረው ከእንዲህ ዓይነት ጅምር የተነሳ ነው።

በኋላም ፓሪስ በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ሠሩ፤ በመጨረሻ ወደ እስራኤል ሄደው እ.ኤ.አ. በ1963 ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ የእስራኤሉ ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ያንኑ የካይሮውን ብያኔ ተከትለው ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ ነው ብለው ወሰኑ። በ1984 እና በ1991 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአውሮፕላን የተጓጓዙት ከዚህ በኋላ ነው። ታምራት ይህን አላዩም።

የዳን ነገርስ እውነት ነው ወይ? ክርክሩ ለታሪክ ሰዎች ይቆይ። ለእኛ ከታምራት ሕይወት የሚተርፈን ሌላ ነው። ሰው በዘሩ ምክንያት ከዝርዝር ሲወጣ አገር ምን እንደምታጣ እሳቸው ራሳቸው ምስክር ናቸው። ጎንደር አካባቢ ያ ብላቴና የቀጥቃጭ ወገን ነው ተብሎ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ እኛ ያቺን ሥራ አናገኝም ነበር። በየቆላውና በየደጋው ማጭድ ከሚሠራው ሰው ቤት ስንት ታምራት ቀርቶ ይሆን?