ዣክ ኢቭ ኩስቶና ሁለተኛው ትንፋሽ

ዣክ ኢቭ ኩስቶ ሰው በጀርባው አየር ተሸክሞ ከዓሣ ጋር ጎን ለጎን እንዲዋኝ ያስቻለውን መሣሪያ ከሠሩት ሁለት ፈረንሳውያን አንዱ ነው። ስሙ በዓለም የገነነው በዚሁ ነው። እናንተ ግን ይህን ታሪክ ስታነቡ ከመሣሪያው ይልቅ አንድ ጥያቄ በልቡናችሁ ያዙ፦ የተሸከመው አየር ቢያልቅ ወይም ቢበላሽ ጠላቂው ምን ይተነፍሳል? ዓመታቱ በሙሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኩስቶ ጁን 11 ቀን 1910 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ሴንት አንድሬ ደ ኩብዛክ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በ1930 የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። ምኞቱ አውሮፕላን አብራሪ መሆን ነበር፤ ነገር ግን በደረሰበት የመኪና አደጋ ክንዶቹ ስለ ተሰበሩ ምኞቱ መና ቀረ። የተጎዱት ክንዶቹ እንዲጠነክሩ በቱሎን ወደብ አጠገብ በሜዲትራንያን ባሕር ይዋኝ ጀመር። በ1936 ባልደረባው ፊሊፕ ታዬ ያዋሰውን የውሃ መነጽር አድርጎ ወደ ታች በተመለከተ ጊዜ የወደፊት ሕይወቱ መንገድ ተቀየረ።

በዚያን ዘመን ጠላቂ የሚተነፍሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጀልባ በቱቦ የሚላክለትን አየር ነበር። ኩስቶ ይህን ሞከረ፤ በ12 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ሳለ ቱቦው ተበጠሰበት። ጉሮሮውን ዘግቶ ወደ ላይ ባይወጣ ኖሮ ታሪኩ እዚያው ባበቃ ነበር። ንጹሕ ኦክሲጅንም ሞክሮ ሁለት ጊዜ አንዘፈዘፈው። ንጹሕ ኦክሲጅን ጥልቀት ሲጨምር መርዝ እንደሚሆን የተማረው በራሱ ገላ ነው።

በ1942 መጨረሻ ኩስቶ ፓሪስ ውስጥ ኤሚል ጋኛ ከተባለ መሐንዲስ ጋር ተገናኘ። ጋኛ በጦርነቱ ምክንያት ቤንዚን ስለ ጠፋ መኪናዎች በጋዝ እንዲሄዱ የሚረዳ አነስተኛ ቫልቭ ሠርቶ ነበር። ሁለቱ ይህንኑ ቫልቭ ለሰው ሳንባ አስማሙት። በማርን ወንዝ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ አላረካቸውም፤ ጠላቂው ቀጥ ብሎ ሲቆም አየሩ በከንቱ ይፈስሳል፣ ሲዘቀዘቅ ደግሞ ይነጥፋል። የትንፋሹን መውጫ ከቫልቩ ጎን በአንድ ደረጃ ላይ ሲያደርጉት ችግሩ ተወገደ። በ1943 የበጋ ወራት ኩስቶ በሜዲትራንያን ባሕር ያለ ቱቦና ያለ ገመድ እንደ ልቡ ተገላበጠ።

ነጻነቱ ግን በሒሳብ የተለካ ነበር። ከወልቂጤ ተነሥታችሁ በጅማ መንገድ ወደ ጊቤ ሸለቆ ስትወርዱ ጆሯችሁ ድፍን ይላል፤ ዝቅ ባላችሁ ቁጥር ከላያችሁ ያለው አየር ክብደት ይጨምራልና። ውሃ ከአየር እጅግ የከበደ በመሆኑ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዳችሁ የሚሰማችሁን የግፊት ለውጥ ጠላቂው አንድ ሜትር እንኳ ሳይጠልቅ ያገኘዋል። በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ በባሕሩ ገጽ ካለው ሁለት እጥፍ፣ በ30 ሜትር አራት እጥፍ ይሆናል። ሳንባም በዚያው መጠን የታመቀ አየር ይሻል። ስለዚህ በባሕሩ ገጽ ለአንድ ሰዓት የሚበቃ ሲሊንደር በ30 ሜትር ጥልቀት ከሩብ ሰዓት አያልፍም።

ለዚህም መጠባበቂያ ተዘጋጀ። በሲሊንደሩ አንገት ላይ ሞላ ያለው ቫልቭ ይገጠማል፤ አየሩ ሲያንስ ሞላው መውጫውን እያጠበበ ትንፋሽ ይከብዳል፤ ጠላቂውም በጎኑ ያለውን ዘንግ ስቦ ወደ ላይ የሚያደርሰውን የመጨረሻ አየር ይለቅቃል። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው፤ ጉድለት ግን አላጣም። ዘንጉ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ አስቀድሞ ከተሳበ ጠላቂው መጠባበቂያውን ሳያውቀው ይጨርሰዋል። ከሁሉም በላይ ይህ መጠባበቂያ ከዚያው ከአንዱ ሲሊንደር የተቆነጠረ ነው። ወደ ጊቤ የሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌር ከዋናው ጎማ ጋር አብሮ የሚፈነዳ ትርፍ ጎማ ቢሰጡት ምን ይል ይሆን?

ኦገስት 27 ቀን 1946 ኩስቶና ጓደኛው ፍሬዴሪክ ዱማ፣ በአቪኞ ከተማ አቅራቢያ ቮክሉዝ ወደሚባለው ጥልቅ ምንጭ ወረዱ። ምንጩ በየዓመቱ በድንገት ለምን እንደሚሞላ ለማወቅ ነበር። ስፍራው ዋሻ ስለሆነ ቀና ብለው የሚወጡበት ሰማይ የለም። ጥቂት እንደ ጠለቁ ሁለቱም ደነዘዙ፤ የመጡበትን ጉዳይ ረሱ፤ ዱማ በአፉ የያዘው የአየር መቀበያ አመለጠው። ኩስቶ ዱማን እየጎተተ በገመዱ ላይ መውጣት ጀመረ። ከላይ ገመዱን የያዘው ሞሪስ ፋርግ ግን ንቅናቄው ሲሰማው ተጨማሪ ገመድ የሚሹ መስሎት ለቀቀላቸው። ኩስቶ በወጣ ቁጥር ገመዱ እየረዘመ ወደ ታች ይመልሰው ነበር። በመጨረሻ ፋርግ ነገሩ ገባውና ባለ ኃይሉ ጎተታቸው፤ ሁለቱም ከሞት ተረፉ።

በኋላ ሲመረመር ሲሊንደሮቹን የሞላው ኮምፕሬሰር የራሱን የሞተር ጭስ መልሶ እየሳበ ኖሯል። የተነፈሱት አየር ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበረበት። ልብ በሉ፤ አየር አላነሳቸውም። ከዚያው ኮምፕሬሰር የተሞላ ሁለተኛ ሲሊንደር ቢይዙም ባልጠቀማቸው ነበር። ያዳናቸው ከውሃው ውጭ ንጹሕ አየር የሚተነፍስ ሰው ነው። ያ ሰው፣ ሞሪስ ፋርግ፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1947 ከ110 ሜትር በላይ ሲጠልቅ ሞተ። በታላቅ ጥልቀት በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን እንደ መጠጥ ያሰክራል፤ በአፍ ያለውን የአየር መቀበያ ያስጥላል። ጓደኞቹ በገመዱ ጎትተው ቢያወጡትም አልደረሱለትም።

ኩስቶ ከዚህ በኋላ ካሊፕሶ በተባለች መርከቡ ብዙ ባሕር አሰሰ። በ1956 ያሳየው ፊልም በካን ከተማ ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ፤ ምንም እንኳ በዚያ ፊልም ውስጥ ዓሣ ለመቁጠር ሲባል በድማሚት የተፈጸመው ጥፋት ዛሬ ቢያሳዝንም። በ1963 ለአገራችን ቅርብ በሆነው በቀይ ባሕር፣ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ በ10 ሜትር ጥልቀት ቤት ሠርቶ ሰዎችን አንድ ወር አኖረ፤ ሌሎች ሁለት ደግሞ በ27 ሜትር ጥልቀት አንድ ሳምንት ሰነበቱ። ሰውነታቸው የታመቀውን ጋዝ ስለ ጠገበ በአንድ ትንፋሽ ወደ ላይ መሮጥ ለእነዚህ ሞት ነበር።

ዛሬ ጠላቂዎች የቀረውን አየር በመለኪያ እያነበቡ ይወርዳሉ፤ ለጓደኛ የሚሰጥ ሁለተኛ የአየር መቀበያም ይይዛሉ። ጠንቃቆቹ ደግሞ የራሱ ቫልቭ ያለው፣ ከዋናው ፈጽሞ የተለየ ትንሽ ሲሊንደር ያክላሉ። በዋሻ የሚጠልቁት ከአየራቸው ሢሶውን ለመግቢያ፣ ሢሶውን ለመውጫ መድበው የቀረውን ሢሶ ሳይነኩ ያቆያሉ።

ኩስቶ ጁን 25 ቀን 1997 በ87 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ዐረፈ። የተቀበረው ከባሕር ሳይሆን በተወለደባት ከተማ፣ በቤተ ሰቡ መቃብር ነው።