አቶ ገርማሜ ንዋይ (1917 – 1953 ዓ.ም.)

ወጣቶቻችን የታኅሣሥን ግርግር ከአባቶቻቸው ይሰማሉ እንጂ ሰውየውን እምብዛም አያውቁትም። ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን ታሪካቸውን በአጭሩ ማቅረብ ወደድን።

አቶ ገርማሜ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ አሜሪካ ተልከው በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርታቸውን ተከታትለዋል። የማስተርስ ጽሑፋቸውም በኬንያ የነጮች ሰፈራ በአገሬው መሬት ላይ ስላስከተለው ችግር ነበር። በዚያ አገር ክፍለ ሀገርን የሚያስተዳድረውን ገዥ የሚመርጠው ሕዝቡ ነው፤ የዊስኮንሲን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1950 ዋልተር ኮለርን በድምፃቸው ገዥ አድርገዋል። በእኛ አገር ግን የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ እንኳ ሕዝቡ የመረጠው የፓርላማ እንደራሴዎችን ብቻ ነው። ገዥ የሚሾመውም የሚሽረውም ንጉሡ ነበር።

በ1946 ዓ.ም. ገደማ አገራቸው ገቡ፤ ቆይቶም የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆነው ሶዶ ተቀመጡ። መንገድና ድልድይ አሠሩ፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከሁሉ የከበደው ግን የመንግሥትን ጠፍ መሬት መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች ማከፋፈላቸው ነው። ባለርስቶቹ አዲስ አበባ ወጥተው አቤት አሉና ተነሡ። ገበሬውን የጠየቀው አልነበረም። ድምፅ ቢኖረው ኖሮ ምን ይል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ቀጥሎ የተላኩት ወደ ጅጅጋ ነው። እዚያም ለአርብቶ አደሩ የውሃ ጉድጓድ አስቆፈሩ፣ ክሊኒክ አሠሩ። መንደር 8 ተቀምጦ በበጋው ውሃ በአህያ ሲጠብቅ ለኖረ ሰው የጉድጓድን ዋጋ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከታላቅ ወንድማቸው ከክብር ዘበኛው አዛዥ ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ጋር ሆነው ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ብራዚል ሳሉ፣ መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ። ጦር ሠራዊቱ አልተባበራቸውም። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከነበሩት መኳንንትና ባለሥልጣናት ብዙዎቹ በጥይት ተገደሉ፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ይህን ደም የአቶ ገርማሜ በጎ ሥራ አይሸፍነውም፤ እኛም ልንሸፍነው አንሻም።

ወንድማማቾቹ ከከተማ ሸሽተው ታኅሣሥ 15 ቀን በሞጆ አካባቢ ተከበቡ። አቶ ገርማሜ እዚያው ሞቱ፤ አስከሬናቸውም አዲስ አበባ መጥቶ በጊዮርጊስ አደባባይ ተሰቀለ። ቆስለው የተያዙት ጄኔራል መንግሥቱ ለፍርድ ቀርበው መጋቢት 21 ቀን ተሰቀሉ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ለአራሹ እያሉ ወደ ፓርላማ ሰልፍ ወጡ።