የፔኒሲሊን አግኚና የተወልን ማስጠንቀቂያ

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በፈረንጆች 1881 በስኮትላንድ ገጠር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ሲሞት ገና የ7 ዓመት ልጅ ነበር። በ13 ዓመቱ ወደ ለንደን ሄደ፤ በመርከብ ድርጅት ቢሮ 4 ዓመት ከሠራ በኋላ ከአጎቱ ባገኘው ውርስ ሕክምና ተማረ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ዘምቶ፣ ወታደሮች ቁስላቸው እያመረቀዘ ሲሞቱ አየ። ከዚያ ወዲህ ጀርምን ገድሎ ሰውን የማይጎዳ መድኃኒት ፍለጋ ገባ። በ1928 ከዕረፍት ሲመለስ ጀርም ያራባበት አንድ ሳህን ሻግቶ ጠበቀው፤ በሻጋታው ዙሪያ የነበሩት ጀርሞች ሞተዋል። ከሻጋታው የሚወጣውን ነገር ፔኒሲሊን አለው። ለበሽተኛ የሚሰጥ መድኃኒት እንዲሆን ያደረጉት ግን በኦክስፎርድ ፍሎሪ፣ ቼይንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1945 ሦስቱ የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ፍሌሚንግ በሽልማቱ ንግግር አንድ ምሳሌ አነሣ። ጉሮሮውን ያመመው ሰው ፔኒሲሊን በራሱ ገዝቶ ጥቂት ብቻ ይወስዳል። ጀርሙ አይሞትም፤ መድኃኒቱን ይለምዳል። ከእሱ የተጋባባት ሚስቱ በሳንባ ምች ስትታመም ፔኒሲሊኑ አልሠራ ብሎ ትሞታለች። ፍሌሚንግ ራሱ በ1955 ለንደን ውስጥ አረፈ።

የፈራው ደርሷል። አንቲባዮቲክ ለጉንፋን አይሠራም፤ ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ሆኖም በሽተኛው እንዳይከፋው ብለው የሚያዝዙ ሐኪሞች አሉ። በ2014 በእንግሊዝ አብዝተው ለሚያዝዙ ክሊኒኮች ከአገሪቱ ዋና ሐኪም ደብዳቤ ተላከ፤ በአካባቢያቸው ካሉት ከመቶ 80ው ከእነሱ ያነሰ እንደሚያዝዙ የሚነግር ነበር። ቅጣት የለውም፤ ግን ትእዛዙ ከመቶ 3 ገደማ ቀነሰ። በሎስ አንጀለስ ደግሞ ሐኪሞች ያለ ምክንያት ላለማዘዝ የገቡትን ቃል ከፎቷቸውና ከፊርማቸው ጋር በምርመራ ክፍላቸው ሲለጥፉ አላስፈላጊው ትእዛዝ በእጅጉ ወረደ።

ሐኪምን የሚገፋው የእኛም ጥያቄ ነው። በሪያድ ጀራዲያም ሆነ ሌላ ሰፈር ያላችሁ እህቶች፣ ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ስጡኝ ከማለት የግድ ያስፈልገኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሳዑዲ ውስጥ ሰይደሊያ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጠው ሕግ ይከለክላል። ከታዘዘላችሁም እንደታዘዘው ውሰዱ፤ የተረፈውን ለጓደኛ አትስጡ፣ ወደ አገር ቤትም አትላኩ። መድኃኒት የለመደ ጀርም አብራችሁ ለምትተኛው እህትም፣ ለምታሳድጉት ሕፃንም ይተርፋል።